በሐጂ ኑሩ አዲስ መኪና ወደ አሠሪው ቤት

ቅዳሜ ጠዋት ሲያትል ዳር ካለችው ሰፈራችን ከስካይዌይ የተነሣሁት ሁለት ጉዳይ ይዤ ነው። አንዱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በኮሚኒቲያችን መጽሔት ላይ ስለ መኪና የምጽፈውን የምታነቡ ሰዎች፣ ዘንድሮ መልኩን ለውጦ የወጣውን ባለ ሦስት ረድፍ የቤተሰብ ኤስዩቪ «እንግዛው ወይስ ይቅርብን?» እያላችሁ መግቢያ መውጫ አሳጥታችሁኛል። እኔ ኤርፖርት ሰው የማመላልስ ሾፌር እንጂ መሐንዲስ አይደለሁም ብል የሚሰማኝ የለም። ስለዚህ መኪናውን ተራራ አስወጥቼና አስወርጄ ያየሁትን ልጽፍላችሁ ቃል ገባሁ። ሁለተኛውን ጉዳይ ግን ከሁለት ሽማግሌዎች በቀር ለማንም አልተነፈስኩም። ታናሽ ወንድሜን ሙሉጌታን ከሥራ ከመባረር ለማዳን አሠሪው ቤት ድረስ አማላጅ ይዤ መሄዴ ነበር።

ሙሌ መካኒክ ነው። የሚሠራው ሶዶ በሚባለው የሲያትል ሰፈር ውስጥ፣ ይኸንኑ ኤስዩቪ በሚሸጥና በሚጠግን ድርጅት ነው። የመኪናውንም የድርጅቱንም ስም አልጠራም፤ ያለችኝን ሰላም እፈልጋታለሁ። መካኒኮቹ ዩኒየን፣ የሠራተኛ ማኅበር፣ አላቸው፤ ሥራ አቁመው በሩ ላይ መሰለፍ ከጀመሩ ሳምንታት አልፈዋል። በዚህ መሀል ድርጅቱ በእነሱ ቦታ ሌላ ሰው ሊቀጥር ነው የሚል ወሬ መጣ። ሙሌና ሚስቱ ራሔል የሚኖሩት እኔው ቤት፣ ምድር ቤቱ ላይ ነው። ራሔል ነፍሰ ጡር ናት፣ ወሯም ገብቷል፤ ሐኪም የሚያያት በሙሌ የሥራ ኢንሹራንስ ነው። እሱ በሰልፉ በጸና ቁጥር እኔ እንቅልፍ እያጣሁ መጣሁ።

በወጋችን ሰው ከሰው ሲጣላ ሽማግሌ ይላካል። ባልና ሚስት፣ ሸሪክና ሸሪክ፣ ጎረቤትና ጎረቤት እንዲህ ሲታረቁ አይቻለሁ። አሠሪና ሠራተኛስ ቢሆን ምን ይለየዋል? አልኩ። ለሙሌ አልነገርኩትም። ቢነገረው «ተዉኝ» እንደሚል አውቃለሁ፤ ይህን ስለማውቅም ነው ያልነገርኩት።

ስካይዌይ

የመጀመሪያው ሽማግሌ ጋሽ ተፈራ ጎረቤቴ ናቸው። ኤርፖርት አጠገብ ሆቴል ውስጥ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል፤ በትርፍ ጊዜያቸው ደግሞ ያላስታረቁት ባልና ሚስት የለም። ሱፍ ለብሰው፣ ከረባት አስረው፣ ጋቢያቸውን አጣጥፈው በክንዳቸው ይዘው ከአፓርታማቸው በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ዝናቡ ቀጭን ነው፤ እዚህ አገር ጃንጥላ የሚይዝ የለም፣ እሳቸው ግን ይዘዋል።

«ጽጌ፣ ለሽምግልና ሄጄ እንቢ የተባልኩበት ቤት የለም» አሉኝ ገና ቀበቶ ሳያስሩ።

«ፈረንጅ ቤት ሄደው ያውቃሉ?»

«ሰው ሁሉ ሰው ነው» አሉና መስኮቱን ዘጉ።

ቡሪየን

ሁለተኛው ሽማግሌ ሐጂ ኑሩ የወሎ ሰው ናቸው፤ ቡሪየን ውስጥ ሃላል ሥጋና ቅመማ ቅመም የሚሸጡበት ሱቅ አላቸው። አዲሱ ኤስዩቪ የሳቸው ነው። አድማው ከመጀመሩ ትንሽ ቀደም ብለው ለልጆቻቸውና ለልጅ ልጆቻቸው ብለው የገዙት ነው። ዓይናቸውን ሞራ እየጋረደው ስለሆነ መሪውን ለኔ ሰጡኝ፤ የኔን አሮጌ መኪና ሱቁ ጓሮ ፓርክ አደረግናት።

የምንሄድበትን ቤት የሚያውቁትም እሳቸው ናቸው። መኪናውን ሲገዙ የድርጅቱ ባለቤት ራሱ እጃቸውን ጨብጦ፣ ቼላን ሐይቅ ዳር ያለውን ቤቱን በስልኩ አሳይቶ፣ ቅዳሜና እሑድ እዚያ ነኝ፣ በዚያ ካለፉ ብቅ ይበሉ ብሏቸዋል። አሜሪካ ውስጥ «ብቅ ይበሉ» ማለት «ደኅና ይሁኑ» እንደ ማለት መሆኑን አውቃለሁ። ሞተሩን አስነሣሁ።

እስቲ ስለ መኪናው ልንገራችሁ። በሩ ሰፊ ነው፤ ጉልበት የሚያመው ሰው ወገቡን ሳያጎብጥ ይገባል። የድሮው ሞዴል ሦስተኛው ረድፍ የቅጣት ቦታ ነበር፤ አሁን ግን ደኅና ቁመት ያለው ሰው ይቀመጥበታል። ድምፁ ጸጥ ያለ ነው፤ ጋሽ ተፈራ ከኋላ ሆነው ሲያጉረመርሙ እንኳን በደንብ ይሰማኝ ነበር። ያልወደድኩት ቁልፎቹን በሙሉ ነቅለው አንድ ትልቅ ስክሪን መግጠማቸውን ነው። ማሞቂያው፣ ራዲዮው፣ የመስታወቱ ማድረቂያ ሳይቀር ስክሪኑ ውስጥ ገብቷል። መሪውም የራሱ ሐሳብ አለው፤ መስመር ነካሁ ብሎ ከእጅ ይነጥቃል። ሐጂ «ጂኒው» ይሉታል።

«ጂኒው ተነሣ፣ ቢስሚላህ በይ» ይሉኛል መሪው በነዘረ ቁጥር።

ሶዶ

በሶዶ በኩል ማለፍ አልፈለግሁም ነበር። ሐጂ ግን «ልጁን ሳናይ ልናልፍ ነው? ነውር ነው» አሉ። በመጋዘኖቹ መሀል ታጥፈን ድርጅቱ በር ጋ ስንደርስ፣ የመካኒኮቹ ሰልፍ በዝናብ ውስጥ መፈክሩን ይዞ ወዲያ ወዲህ ይላል። የጭነት መኪና ሾፌሮች ሲያልፉ ጡሩምባ ይነፉላቸዋል። ከማሳያ አዳራሹ መስታወት ውስጥ ያው የኛው ኤስዩቪ፣ በነጭ፣ በቀይ፣ በጥቁር ተደርድሯል።

ሙሌ መኪናውን አይቶ እየሮጠ መጣ። የሁለቱንም ሽማግሌዎች ትከሻ በመስኮት ሳመ።

«ሐጂ፣ እንዴት አደሩ? ጋሽ ተፈራ፣ ወዴት ነው እንዲህ ዘንጣችሁ?»

«ከተራራው ማዶ፣ ዌናቺ፣ ለቅሶ አለ» አልኩት እኔ ቀድሜ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ራሱ ቀፈፈኝ።

ኮፍያውን አወለቀ። «ነፍስ ይማር። ሶ፣ የተራራው ፓስ ላይ ስኖው አለ እትዬ፣ ቀስ ብለሽ ንጂ። ስትደርሱ ኮል አድርጊልኝ» አለና ጎንበስ ብሎ ጎማዎቹን አንድ በአንድ አየ። ከፊት ሲደርስ መብራቱን በጣቱ ኳ ኳ አደረገው።

«ይቺን አምፖል አዩ ሐጂ? በድሮው ሞዴል ኮፈኑን ከፍቼ በእጄ ነበር የማወጣት። አሁን ይቺን ለመቀየር የፊቱን መከላከያ በሙሉ ማውለቅ አለብኝ። መጽሐፉ ላይ የተቆረጠልኝ ሰዓት ግን ያው የድሮው ነው።»

ለማታውቁት ላስረዳ። እዚያ ቤት መካኒክ የሚከፈለው ለሠራበት ጊዜ አይደለም። እያንዳንዱ ጥገና አስቀድሞ የተቆረጠለት ሰዓት አለ፤ ሥራው ግማሽ ቀን ቢፈጅበትም የሚታሰብለት ያ የተቆረጠው ብቻ ነው። መኪናው ሲያምር መፍታትና መግጠሙ ከበደ፤ ሰዓቱ ግን አልተጨመረም። ሰልፉ የወጣው በዚህ ነው።

ሬይ የሚባለው የዩኒየኑ ተጠሪ፣ ሽበታም ግዙፍ ሰው፣ ጠጋ ብሎ ለሽማግሌዎቹ እጅ ማሞቂያ ከረጢት ሰጣቸው። የሙሌ ቤተሰብ የእኛም ቤተሰብ ነው አለ። ጋሽ ተፈራ አመስግነው ወደ ሙሌ ዞሩ።

«ልጄ፣ እንዲያው ሰውየው ተመለስ ቢልህስ?»

«ሁላችንንም ካለ እሰየው። እኔን ለብቻዬ ካለኝ ግን አልገባም ጋሽ ተፈራ። እነዚህን ዝናብ ላይ ትቼ እንዴት እገባለሁ?»

መስኮቱን ዘግተን ወደ አውራ ጎዳናው፣ አይ ናይንቲ፣ ወጣን። 

«የወጣት ኩራት ነው» አሉ ጋሽ ተፈራ። «እሱ ይቅርታ አይልም፤ ማለት የኛ ፈንታ ነው።»

«ልጁ ያለውን ግን ሰማችሁ?» አሉ ሐጂ።

እኔ ነዳጁን ረገጥኩት።

ስኖኳልሚ

ከአይሳኳ ከተማ በኋላ ዝናቡ ወፍሮ፣ የስኖኳልሚ ተራራ ጫፍ ስንደርስ እርጥብ በረዶ ሆነ። መኪናው አቀበቱን ሳያቃስት ነው የወጣው፤ ጎማውም አልተንሸራተተም፤ ይህን ልመሰክርለት ይገባል። ችግሩ የመጣው ጫፉ ላይ ነው። ስክሪኑ አንዴ ብልጭ ብሎ ድርግም አለ። ከእሱ ጋር ማሞቂያውም፣ የመስታወቱ ማድረቂያም አብሮ ሄደ። የሦስት ሰው ትንፋሽ መስታወቱን ወዲያው አለበሰው። የምጫነው ነገር ፈለግሁ፤ አንድም የለም።

ጋሽ ተፈራ ከኋላ ተንጠራርተው በመሐረባቸው መስታወቱን ይጠርጉልኛል፣ መኪናው ቀበቶ ፈታችሁ ብሎ ይጮኻል፣ ሐጂ «ያ ረቢ» ይላሉ። በግምት ዳር ይዤ ቆምኩና ሞተሩን አጥፍቼ አስነሣሁት። ስክሪኑ ምንም እንዳልተፈጠረ ሰላምታ ሰጥቶን በራ።

«ስንመለስ ለሙሌ እናሳየዋለን» አሉ ሐጂ፤ ወዲያው ሙሌ የት እንዳለ ትዝ አላቸው።

ክሌ ኤለም የምትባል ከተማ ነዳጅ ቀዳን፤ ከሲያትል በጣም ይረክሳል። የሐጂ ሚስት የቋጠሩልንን ሳምቡሳ መኪናው ውስጥ በላን። ከዚያ ብሉዌት የሚባለውን ሁለተኛ ተራራ ያዝን። ስልክ የማይሠራበት ጥድ የበዛበት ጠመዝማዛ መንገድ ነው፤ መኪና እንኳን እምብዛም አላየንም። ጋሽ ተፈራ የሚሉትን ጮክ ብለው ይለማመዱ ነበር።

ዌናቺ

ከተራራው ወዲያ ሌላ አገር ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ኮረብታው ራቁቱን፣ ሸለቆው ግን ከዳር እስከ ዳር የአፕል እርሻ ነው። አዝመራው ተለቅሟል፤ ባዶ የእንጨት ሣጥኖች በየመንገዱ ዳር ተቆልለዋል። ሐጂ ከአንድ መናፈሻ ሣር ላይ ምንጣፋቸውን ዘርግተው ዙሁር ሰገዱ። እኔና ጋሽ ተፈራ ከመንገድ ዳር ከምትሸጥ ሴትዮ አንድ ቅርጫት አፕል ገዛን፤ ባዶ እጅ አይኬድም። ሴትዮዋ ጋቢውን አይታ ወደ ሠርግ ነው የምትሄዱት? አለችን። ጋሽ ተፈራ ደስ ብሏቸው «ወደዚያው ነው» አሉ በአማርኛ።

ቼላን

ሐይቁ ረጅምና ጠባብ ነው፤ ውሃው ጠቆር ያለ ሰማያዊ፣ ከበላዩ ወይን እርሻ። ቤቱን ሳንቸገር አገኘነው። በሩን የከፈተው ራሱ ባለቤቱ ነው፤ ጂንስና ካልሲ ብቻ አድርጓል። ፊቱ ላይ ድንጋጤ አለፈና ወዲያው ሐጂን አስታወሳቸው።

«ሐጂ! መኪናው እንዴት ነው?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ግሩም ነው» አሉ ሐጂ። ስለ ስክሪኑ አላነሡም። ሰው ቤት በእንግድነት ገብቶ ስሞታ ይከብዳል።

ግቡ፣ ተቀመጡ አለን። ገባን፤ ግን አልተቀመጥንም። በሽምግልና ወግ ጥያቄህ እሺ ሳይባል ወንበር አትይዝም፣ እህል ውሃም አትቀምስም። ሚስትየው ውሃ አመጣች፤ ጋሽ ተፈራ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው እንቢ አሉ። ሴትዮዋ ወደ ኔ ዞራ ምነው፣ አሟቸዋል ወይ? አለችኝ። ወጋችን ነው አልኳት።

ጋሽ ተፈራ ጋቢያቸውን ደርበው ዝቅ ብለው እጅ ነሡ።

«ጌታዬ፣ የመጣነው ስለ ልጃችን ስለ ሙሉጌታ ነው። ልጃችን አጥፍቷል። ልጅ ያጠፋል፣ አባት ይምራል። ስለ እኛ ስለ ሽማግሌዎቹ ብለው ይማሩት።»

እናንተ ይህን ቃል ታውቁታላችሁ። በኛ ዘንድ ማንም በዚህ ይጀምራል። ያጠፋም ያላጠፋም «አጥፍቷል» ይባልለታል፤ ጥፋቱ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ከዚያ ያኛውም ወገን «ኧረ እኔም አጥፍቻለሁ» ይላል፤ ወሬው ይለሰልሳል፤ እርቁ የሚጀመረው ከዚያ ነው። ሰውየው ይህን ከየት ያውቀዋል? ማስረዳት የነበረብኝ እኔ ነኝ። እኔ ግን ልቡ ይራራልኝ ብዬ እንደ ወረደ ተረጎምኩት።

ሰውየው ቀስ ብሎ ጠየቀኝ፦ «አጥፍቷል የሚሉት ሰልፍ መውጣቱን ነው?»

ለጋሽ ተፈራ ነገርኳቸው። «ሰልፉንም፣ ሁሉንም በይው፤ ሁሉንም ይማረው» አሉ።

«ሁሉንም» አልኩት።

እሱ «እኔም አጥፍቻለሁ» አላለም። ሐጂ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ሰውየው እኮ ምንም አላለም» አሉኝ። ሰምቻቸዋለሁ። ሰውየው ያኔ ፈገግ ብሎ፣ ሙሉጌታ ጎበዝ መካኒክ ነው፣ ሰኞ ጠዋት ይምጣ፣ ሥራውም ኢንሹራንሱም እንደነበረ ነው አለ። ከዚያ በኋላ ምንም መስማት አልፈለግሁም። ዓይኔ እንባ አቀረረ። ጋሽ ተፈራ ወደ ጣሪያው አንጋጠው አመሰገኑ፤ ሁለቱም የሰውየውን እጅ በሁለት እጃቸው ጨበጡ።

ያኔ ተቀመጥን። የአፕል ኬክ በላን፣ ውሃውንም ጠጣን። ስንወጣ ሰውየው ለማስታወሻ አንድ ፎቶ እንነሣ አለ። መኪናው አጠገብ ቆምን፤ እሱ መሀል፣ ሽማግሌዎቹ ግራና ቀኝ። ጋሽ ተፈራ ከረባታቸውን አስተካከሉ። እንዲህ ተከብረው አያውቁም ነበር መሰለኝ። ፎቶውን ያነሣሁት በሰውየው ስልክ እኔ ነኝ።

መመለስ

እስከ ዌናቺ ድረስ መኪናው ውስጥ ሠርግ ነበር። ጋሽ ተፈራ የትኛው ቃላቸው የሰውየውን ልብ እንደሰበረ ሦስቴ ተረኩልን። አላስቻላቸውም፤ የራሔልን ቁጥር አስደውለውኝ በመኪናው ስፒከር አናገሯት።

«ራሔልዬ፣ እንኳን ደስ ያለሽ! ባልሽ ሰኞ ሥራ ይገባል። ሰውየው ምሬዋለሁ ብሏል። ለሙሌ አትንገሪው፣ እኛው እንነግረዋለን።»

እልልታዋ ሦስቱንም ረድፍ ሞላው። የዚህ መኪና ስፒከር እጅግ ጥሩ ነው።

ከብሉዌት ወርደን ክሌ ኤለም ስንቃረብ ስልኬ ነፍስ ዘራ። ሙሌ ደጋግሞ ደውሏል። ከዚያ አንድ ፎቶ ልኳል። ነዳጅ ማደያው ጋ ቆሜ ከፈትኩት። ያነሣሁት ፎቶ ነው። ከሥሩ ድርጅቱ ለመካኒኮቹ በሙሉ የላከው መልእክት አለ። የአንድ ባልደረባችሁ ቤተሰብ ዛሬ ቤቴ ድረስ መጥቶ ስለ ሰልፉ ይቅርታ ጠይቆለታል፤ ተቀብያለሁ፤ ሰኞ ጠዋት በሩ ለእሱም፣ መመለስ ለሚፈልግ ለማንኛችሁም ክፍት ነው ይላል። መኪናውንም አልረሳውም፤ በአዲሱ ኤስዩቪ ደስተኛ የሆኑ ደንበኞቻችን ብሎ ጨምሮበታል።

ለሽማግሌዎቹ አነበብኩላቸው። ስም የማጥፋት ውሸት ቢሆን እንሳደብ ነበር። አንድም ውሸት የለበትም።

«ለብቻዬ ከሆነ አልገባም ብሎን ነበር» አሉ ሐጂ። «ጠዋት ነግሮን ነበር እኮ።»

ጋሽ ተፈራ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።  ለሙሌ ደወልኩለት።

«እትዬ፣ የት ናችሁ?»

«ክሌ ኤለም። ሙሌ፣ ስማኝ፣ እኔ…»

«ኦኬ። ሶዶ ኑ» ብሎ ዘጋው።

ሶዶ እንደገና

ስንደርስ ዝናቡ አላባራም። ሰልፉ ሳስቷል። ሙሌ ከእነሱ ጋር አልነበረም፤ ከመንገዱ ማዶ ተዘግቶ ካለ መጋዘን ሥር፣ መፈክሩን ሳይዝ ብቻውን ቆሟል። ሽማግሌዎቹ ሲወርዱ ግን መጥቶ እንደ ጠዋቱ ትከሻቸውን ሳመ። ሐጂ አቅፈው ሊለቁት አልቻሉም።

ጋሽ ተፈራ ጋቢያቸውን ደርበው መንገዱን ተሻገሩና ሬይ ፊት ቆሙ። እኔ ተከተልኳቸው።

«በይ ንገሪልኝ» አሉ። «ያጠፋነው እኛ ነን። ልጁ አላወቀም፣ አልላከንም። ጥፋቱ የኛ ነው።»

ዕድሜ ልካቸውን በየሰው ቤት ሲሉት የኖሩትን ቃል ነው ያሉት። ስለ ራሳቸው ሲሉት የሰማሁት ግን ያን ዕለት ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ አብራርቼ ተረጎምኩ፤ ወጋችን ምን እንደሆነ፣ «አጥፍቷል» ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ ሁሉ አስረዳሁ። ሬይ እስከ መጨረሻው አዳመጠን። ከኋላው ያሉት ፊታቸውን አዞሩ፤ አንዱ ሳቀ።

«አምናችኋለሁ» አለ ሬይ። «ሙሌንም አምነዋለሁ። ግን ከቀትር በኋላ አራት ሰዎች ደውለው ሰኞ እንገባለን ብለውኛል። የሙሌ ሰዎች ለምነውለት ከገባ እኛ ምን እንጠብቃለን ነው የሚሉት። የቀሩት ደግሞ እሱን አጠገባቸው ማየት አይፈልጉም። ለጊዜው ቤቱ ቢሆን ይሻላል።» ከዚያ የጋሽ ተፈራን እጅ ጨበጠ፤ በክፋት አልነበረም።

ወደ ማዶ ስመለስ ሙሌ ለሽማግሌዎቹ «ለኔ ብላችሁ ነው የደከማችሁት፤ እግዜር ይስጥልኝ» ይላቸዋል። ይቆጣል ብዬ ነበር። ወደ ኔ ዞሮ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀኝ።

«እትዬ፣ ምን አጥፍቼ ነው ይቅርታ የጠየቃችሁልኝ?»

 

ቤት

ሐጂን ከነመኪናቸው ቡሪየን አድርሰን፣ ጋሽ ተፈራን በራቸው ላይ አውርደን፣ እኔና ሙሌ በኔ መኪና ወደ ቤት ሄድን። «ሰኞ ትገባለህ?» አልኩት። «አልገባም» አለ። «ሰልፉስ?» «አባረውኛል እኮ።» 

ስለ ኤስዩቪው ቃል ስለገባሁ ልጨርስ። ልጅ ለበዛበት ቤት መቀመጫው ይመቻል፣ ተራራ ይወጣል፣ ድምፁ ግሩም ነው። ስክሪኑ ላይ እምነት አትጣሉ። ከመግዛታችሁ በፊት የሚጠግነውን ሰው ፈልጋችሁ ጠይቁት፤ በር ላይ ተሰልፎ ካገኛችሁት ደግሞ ጉዳዩ እስኪያልቅ ታገሡት፤ መኪና የትም አይሄድም። ከጉዞው ለራሴ የተማርኩት ከዚህ ያጥራል። ወንድሜ ምን እንደሚፈልግ በገዛ አፉ ነግሮኝ ነበር። እኔ ከሱ ይልቅ የማውቅለት መሰለኝ፤ እንጀራውን ላድንለት ሄጄ በጓደኞቹ መሀል የነበረውን ስሙን አጥፍቼበት ተመለስኩ። ኢንሹራንሱም አልዳነም።

ራሔል በሩን የከፈተችው ሳናንኳኳ ነው። ፀጉሯን ተሠርታለች፣ ጠረጴዛው ላይ ዶሮ ወጥ ቀርቧል፣ ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ በሌላው አንገቱን አቀፈችው።

«ነገሩህ አይደል? እንኳን ደስ ያለህ! ሰኞ ስንት ሰዓት ነው የምትገባው?»

ሙሌ ግንባሯን ሳማት፤ እርጥብ ጃኬቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ ሰቀለው።

«እህቴ ትንገርሽ» አለና ወደ መኝታ ቤት ገባ።

ራሔል እየሳቀች ወደ ኔ ዞረች። ቀኑን ሙሉ በወንድሜ ስም በሁለት ቋንቋ ስናገር የዋልኩት ሴትዮ፣ ጫማዬን እንኳን ሳላወልቅ በሩ ላይ ቆሜ ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ።